በደንባራ በቅሎ ላይ ቃጭል አንጨምር

በብሉር ጎዳና በምንሰበሰብበት አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተሰጠ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ
የንባብ ክፍሎች፦ ዘኁልቁ 22፥21–34፤ ዘጸአት 21፥28–29፤ ማቴዎስ 21፥1–7

በሥራ ተራ ምክንያት እሑድ የቀራችሁ፣ በሌላ ከተማ ሆናችሁ የምትከታተሉን ብዙ ናችሁና መልእክቱን ከድምፅ ቅጂው ገልብጠን አቅርበንላችኋል። እባካችሁ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ አንብቡ።

መልእክቱ የሚጀምረው ከአንድ ባለጌ ፈረስ ነው። አዳራሹ ውስጥ ይህን ስል ሰው ሁሉ ሳቀ። እናንተም ሳቁ፤ ግድ የለም። መጨረሻ ላይ ግን የምንስቅ አይመስለኝም።

ከመካከላችን አንድ ቤተሰብ አለ። የምናገረው በፈቃዳቸው ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። አባት ትራክ ይነዳል፣ እናት በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተራ ትሠራለች። የ15 ዓመት ወንድ ልጅና የ11 ዓመት ሴት ልጅ አላቸው። ልጅቱ በትምህርት ቤት ጓደኛዋ በኩል ፈረስ መጋለብ ሞከረችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። አባትየው ያደገው አዊ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ሲወጡ እያየ ያደገ ሰው፣ ልጁ “ፈረስ እፈልጋለሁ” ስትለው እንቢ ለማለት አቅም ከየት ያመጣል? ገንዘብ አጠራቀሙ። ከከተማው በስተሰሜን በርካሽ የሚሸጥ ፖኒ ተገኘ።

ፖኒ ለማታውቁ፣ በዚህ ሀገር አለካክ ከትከሻው እስከ መሬት 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያልሞላ አጭር ፈረስ ነው። በዚህ መለኪያ ቢሆን የሀገራችን ፈረስ አብዛኛው ፖኒ በተባለ ነበር። ሻጩ፣ “በጣም ገራም ነው፤ ለልጅ የሚሆን ነው” አላቸው። መልኩ ዳማ ስለሆነ አባትየው “ዳማ” ብሎ ጠራው፤ ስሙም በዚያው ጸና። እኛም ከአምልኮ በኋላ ቡና ስንጠጣ ወንድማችንን “አባ ዳማ” እያልን እንቀልድ ጀመር።

ቀልዱ ሦስት ሳምንት አልቆየም። ዳማ ኮርቻ ሊጫንበት ሲል ይነክሳል። ልጅቱ ስትወጣበት ጀርባውን ያጎብጣል። መስኩን አንድ ጊዜ ከዞረ በኋላ ወደ በሩ ይሸመጥጥና እዚያ ሲደርስ ድንገት ቀጥ ይላል። እሱ ይቆማል፣ እሷ ግን አትቆምም። በሦስተኛው ሳምንት ወደቀች፤ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ።

አባትየው ያን ቀን አለንጋ አነሣ። ልጁ እያየችው፣ የተሰበረ እጇን ይዛ እያለቀሰች፣ ፈረሱን መታው። ከዚያ ወዲህ ዳማ እሱን ባየ ቁጥር ጆሮውን ወደ ኋላ ያጣብቅ ጀመር። ነገሩ ስለከፋ ሊሸጡት ወሰኑ። ችግር የለም፤ የተበላሸውን መሸጥ የተለመደ ነው። ነገር ግን ለገዢው ምን ሊሉት አሰቡ መሰላችሁ? “በጣም ገራም ነው፤ ለልጅ የሚሆን ነው።” እነሱ የተነገራቸውን ቃል፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ ለሌላ ልጅ አባት።

በዚያው ሳምንት ደወሉልኝ። የደወሉት ስለ ፈረሱ አይደለም፤ ስለ ወንድ ልጃቸው ነው። ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ ሲናገሩት በር ይዘጋል፣ ከማን ጋር እንደሚውል አይታወቅም። ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አያቱ ሊልኩት አስበዋል። “ፓስተር፣ ምን ትለናለህ?” አሉኝ። ቤታቸው ሄድኩ። ስናወራ ልጅቱ እጇ በጄሶ እንደታሰረ ማዕዘን ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። በመካከል እናቷን፣ “ለአያቴ ነግራችኋታል? ወይስ ጥሩ ልጅ ነው ብላችሁ ነው የምትሰጧት?” አለቻት።

ቤቱ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የእኔ ዝምታ ግን ከእነሱ ይልቅ የከበደ ነበር፤ ምክንያቱን ልናዘዝ።

ከዓመታት በፊት ሌላ ቤተሰብ በተመሳሳይ ነገር አማክሮኝ ነበር። እኔም ሳልውል ሳላድር፣ “ላኩት፤ እዚያ ሰው ይሆናል” አልኩ። ያን ልጅ አንድም ቀን ለብቻው አስቀምጬ “ምን ሆነህ ነው?” ብዬ አልጠየቅሁትም። የውጭ ሀገር ሴሚናሪ ዲግሪ ነበረኝ፤ ለአንድ ልጅ የምትሆን ግማሽ ሰዓት ግን አልነበረችኝም። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰና በብሉር የምድር ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ተገናኘን። አክብሮ ሰላም አለኝ። ከዚያ፣ “ፓስተር፣ አማርኛዬ ጥሩ ሆኗል፤ ለምን እንደተላክሁ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም” አለኝ። ባቡሩ መጣና ሄደ። እኔ እዚያው ቀረሁ።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በእጅህ የተሰጠህ ፍጡር ሲያስቸግርህ፣ ሲነክስህ፣ ልጅህን ሲጥልብህ፣ ለእርሱ ያለብህ ዕዳ ምንድን ነው? ወይስ ባስቸገረህ ቀን ዕዳህ ይሰረዛል?

አባቶቻችን በፈረስ ስም ይጠሩ እንደነበር ታውቃላችሁ። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። ስሙን እስቲ ልብ ብላችሁ አድምጡት። ሰውየው የፈረሱ “ጌታ” አልተባለም፤ “አባ” ተባለ እንጂ። ጌታ ያልፈለገውን ይሸጣል። አባት ግን ስሙ ከያዘው ጋር ታስሯል። እኛ በቀልድ “አባ ዳማ” ስንል ለወንድማችን ትልቅ ሸክም አሸክመነው ኖሯል።

አንደኛ፦ ከመምታትህ በፊት “ምን ያመዋል?” በል

ዘኁልቁ 22ን የበለዓም ታሪክ ብለን እናውቀዋለን። አህያይቱ ሦስት ጊዜ አስቸገረች። መጀመሪያ ከመንገድ ወጥታ ወደ እርሻ ገባች፤ ቀጥላ የጌታዋን እግር ከግንብ ጋር አጣበቀች፤ በመጨረሻም ከበታቹ ተኛች። ሦስት ጊዜም ተመታች። በለዓም እንዲያውም ሰይፍ በእጁ ቢኖር ሊገድላት እንደሚችል ተናገረ። ሰይፉ ግን መንገዱ ላይ ነበረ፤ የተመዘዘውም በእሱ ላይ ነበረ። እሷ ታየዋለች፣ እሱ አያየውም። ነቢዩ ዕውር፣ አህያይቱ ባለ ራእይ። አፏ በተከፈተ ጊዜ የጠየቀችው ጥያቄ ደግሞ ልብ ይነካል፤ እስከ ዛሬ ስትሸከምህ የኖርኩ እኔ እንዲህ ማድረግ ልማዴ ነበርን? ነው ነገሩ። እሱም እውነቱን አልካደም። አልነበረም።

ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው፤ ዛሬ ቢሾፍቱ እንላታለን። በልጅነቴ ከተማው ውስጥ የምንጓዘው በጋሪ ነበር። አንድ ቀን የተሳፈርንበት ጋሪ ፈረስ መንገድ መካከል ቆሞ አልሄድም አለ። ባለ ጋሪው ጎረቤታችን ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ተሳፋሪ ያያል፣ ፀሐዩ ይከራል፣ የቀኑ ገቢ አልሞላም። ገረፈው። ፈረሱ ወደ ኋላ ብቻ ሆነ። በከተማችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለና ከዚያ የመጣ የሚመስል አንድ ወጣት ሰላምታ ሰጥቶ፣ “ጋሼ፣ እስቲ ይህን ማሰሪያ አንሡልኝ” አለው። ማሰሪያው ሲነሣ ከሥሩ መዳፍ የሚያህል ቁስል ታየ። ፈረሱ ወደ ፊት በተራመደ ቁጥር ሸክሙ የሚያርፈው እዚያ ቁስል ላይ ነበር። ባለ ጋሪው አለንጋውን ጥሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ያ ምስል ከዓይኔ አልጠፋም። እንቢተኝነት ብሎ የገረፈው ነገር ቁስል ነበር።

የዳማም ነገር እንዲሁ ሆነ። ጋጣው ውስጥ የሚያሠለጥኑ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወንድማችንን፣ “ከመሸጥህ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው” አሉት። ሐኪሙ መጣ። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ከድድ እየወጣ፣ እየታኘከበት የሚያልቅ ነው። እኩል ሳያልቅ ሲቀር ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሳላል፤ ጉንጩን ከውስጥ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በየጊዜው ይሞረዳል። የዳማ ጥርስ ለረጅም ጊዜ አልተሞረደም ነበር፤ ልጓም በተሳበ ቁጥር ጉንጩ ይቆሰል ነበር። ኮርቻውም ለሌላ ጠባብ ጀርባ የተሠራ ስለነበረ ትከሻውን ይቆነጥጠው ነበር። እንግዲህ ኮርቻ ሲያይ የሚነክሰው ለምን እንደሆነ ገባችሁ? አፍ ያለው እንስሳ አይደለም። የሚናገረው በጥርሱና በጀርባው ነው።

እናንተ እናቶችና አባቶች፣ ሁለት ሥራ የምትሠሩ፣ ደክማችሁ የምትገቡ፣ እኔ የምፈርድባችሁ አይደለሁም። ደካማ ሰው የሚያየው መንገዱ መዘጋቱን ብቻ ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። ግን ልጃችሁ በር ሲዘጋ እስቲ አንድ ጊዜ የአህያይቱን ጥያቄ አስታውሱ፦ ይህ ልማዱ ነበረ? ካልነበረ፣ እኛ የማናየውን ምን አይቶ ነው?

ሁለተኛ፦ የሚያስተምረው መያዝህ ብቻ አይደለም፤ መልቀቅህ ነው

አሁን ግን አንዳንዶቻችሁ፣ “ፓስተር፣ ታዲያ ሁሉ ነገር ሕመም ነው? ጥፋት የሚባል ነገር የለም?” ትሉኛላችሁ። አለ። ጥርሱ ከተሞረደና ኮርቻው ከተቀየረ በኋላ መንከሱ ቀነሰ፤ ወደ በሩ መሮጡ ግን አልቀረም። ለምን? ምክንያቱም ዳማ አንድ ትምህርት በሚገባ ተምሮ ነበር፦ ሮጬ በሩ ጋ ከጣልኳት ሥራው ያበቃል፤ ኮርቻው ይነሣልኛል፤ ወደ ጋጣ እገባለሁ። እሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ያስተማሩት ከእነሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ፈርቶ ወረደለት፣ ሌላው አዝኖ በእጁ ስኳር አጎረሰው፣ በእጅ መጉረስ የለመደ ፈረስ ደግሞ ስኳሩ ሲጠፋ እጁን ራሱን ይይዛል። ወገኖቼ፣ ያልታረመ ፖኒ ዕጣው ጥሩ አይደለም። ከቤት ወደ ቤት ይሸጣል፤ በተሸጠ ቁጥር ዋጋውም ጓደኛውም ይቀንሳል። ስለዚህ አለማረም ፍቅር አይደለም፤ ስንፍና ነው፤ ፍቅር የሚል ልብስ የለበሰ ስንፍና።

ታዲያ እንዴት ይታረማል? አሠልጣኟ ወንድማችንን ያስተማሩት ነገር ለእኔ ከብዙ መጽሐፍ በልጦብኛል። “ፈረስ የሚማረው ልጓሙን ስትስብ አይደለም፤ ስትለቅ ነው” አሉት። ልጓሙን ትንሽ ትይዛለህ፤ ልክ እሺ ባለበት ቅጽበት፣ ግማሽ እርምጃ እንኳ ቢሆን፣ ትለቅለታለህ። በዚያች ቅጽበት “እንዲህ ሳደርግ እፎይ አልኩ” ብሎ ይማራል። እሺ ካለም በኋላ መሳብህን ከቀጠልክ ግን እሺ ማለትና እንቢ ማለት ለእሱ አንድ ሆኑ። አፉ ይደነዝዛል። ቀጥሎ የበለጠ ጠንካራ ልጓም ትፈልጋለህ፤ ከዚያም የባሰ።

እስቲ ይህን ቃል ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ። ልጅህ ይቅርታ ጠየቀህ። አንተ ግን ሦስት ቀን አኩርፈህ ሰነበትክ። በእንግዳ ፊት አነሣህበት፤ በልደቱ ቀን ደገምክበት። ለመለወጥ ግማሽ እርምጃ ሲራመድ አላየህለትም፣ አልለቀቅህለትም። ታዲያ በሚቀጥለው ጊዜ ለምን ይራመድ? እኛ ሐበሾች መያዝ እናውቃለን፤ ተግሣጽ የሚለውን ክፍል በቃላችን እናውቀዋለን። የመልቀቂያዋን ሰዓት ግን አናውቃትም።

ደግሞም የሚደነብር ፈረስ የሚደነብረው ሊያናድድህ አይደለም። ፈረስ በተፈጥሮው ታዳኝ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ከግንባሩ ሥርና ከጀርባው ቀጥታ ያለውን ብቻ አያይም። ያልገባውን ነገር ሲያይ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ቀጥሎ ያስባል። በዚህ ላይ ጩኸትና አለንጋ ስትጨምርለት የፈራው ነገር በእርግጥም አስፈሪ እንደሆነ አረጋገጥክለት ማለት ነው። አበው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል፤ “በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ።” በቅሎዋ ድሮም ደንባራ ናት፤ ቃጭሉን አንገቷ ላይ ያሰረው ግን ሰው ነው።

በብሉር ስትሄዱ የፖሊስ ፈረሶች አይታችሁ ይሆናል። የቶሮንቶ ፖሊስ ፈረሰኛ ክፍል የተቋቋመው በ1886 ነው። ጋጣቸው በኤግዚቢሽን ፕሌስ፣ ሆርስ ፓላስ በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። አምቡላንስ እየጮኸ ሲያልፍ፣ ሰልፈኛ ባንዲራ ሲያውለበልብ ያ ትልቅ ፈረስ ጭራውን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እንዲያ ሆኖ አልተወለደም። ከሚያስደነብረው ነገር ጋር ከሩቁ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ሆኖ ተለማመደ እንጂ። ጀግንነቱ ከኋላው የብዙ ወራት ትዕግሥት አለበት።

ከ2,400 ዓመታት ገደማ በፊት የሶቅራጥስ ተማሪ የነበረው ዜኖፎን የሚባል ግሪካዊ ወታደር ስለ ፈረስ አያያዝ መጽሐፍ ጽፏል። ሴሚናሪ ሳለሁ በግሪክኛ ትምህርት ምክንያት አግኝቼ አንብቤዋለሁ። ይህ አረማዊ ሰው ወደ ፈረስ በቁጣ መቅረብ እንደማይገባ ይመክራል፤ ቁጣ አርቆ ስለማያይ በኋላ የሚጸጽት ነገር ያሠራልና። ደግሞም ውርንጫው ወደ አሠልጣኝ ከመሄዱ በፊት በቤቱ ሳለ ገራም፣ እጅ የለመደና ሰው ወዳድ ሊሆን እንደሚገባ ይጽፋል። መንገዱን ስሙት፦ ውርንጫው ረሃቡ፣ ጥማቱ፣ የዝንቡ ንክሻ የሚቀልለት ሰው ሲመጣ እንደሆነ ይማር፤ ያኔ ሰውን ይወዳል፣ ይናፍቃልም። ልጃችን አባቱ ወደ ቤት ሲገባ ምን ይሰማዋል? እፎይ ይላል ወይስ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይቆልፋል?

መዝሙር 32፥9 ስለ ፈረስና ስለ በቅሎ ልጓም ይናገራል። ከሱ በፊት ያለውን ቁጥር ግን አትዝለሉት። እግዚአብሔር እዚያ የሚፈልገው በዓይኑ ሊመራን ነው። ልጓም የሚያስፈልገው ዓይን ለዓይን መተያየት እስኪቻል ድረስ ነው። የልጓም ዓላማው አንድ ቀን አላስፈላጊ መሆን ነው።

ሦስተኛ፦ እውነቱን ሳትናገር አታስተላልፍ

ዘጸአት 21፥28–29ን ለሥጋ ሻጮች የተጻፈ አድርገን እናልፈዋለን። ግን እስቲ አንብቡት። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ካላወቀ ንጹሕ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ ከቀድሞ ታውቆ፣ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን የሞት ፍርድ ነው የሚጠብቀው። ልዩነቱ በሬው ላይ አይደለም፤ በሬው ያው በሬ ነው። ልዩነቱ የባለቤቱ ዕውቀት ነው። ያወቅኸው ነገር ዕዳ ይሆንብሃል።

የመጀመሪያው ሻጭ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ልቡን የሚያውቅ ጌታ ይፍረደው። ወንድማችን ግን አሁን ያውቃል። የልጁ የተሰበረ እጅ ነግሮታል። “ገራም ነው” ብሎ ቢሸጠውና የሌላ ሰው ልጅ ብትወድቅ፣ አውቆ ያልጠበቀው ባለቤት እሱ ነው።

ልብ በሉ፤ መስጠት በራሱ ኃጢአት ነው አላልኩም። ለ11 ዓመት ልጅ የማይሆን ፈረስ ለጎበዝ ጋላቢ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜም አንድ ልጅ ለራሱ ደኅንነት ሲባል ከነበረበት ሰፈርና ጓደኛ መራቅ ያስፈልገዋል፤ አያት ዘንድ መሄዱም በረከት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኔ የምለው፣ በውሸት አትስጠው። ለአያቱ “ጥሩ ልጅ ነው፤ አማርኛ እንዲለምድ ነው” ብለህ፣ ለልጁ “ለእረፍት ነው” ብለህ፣ ፓስፖርቱን ደብቀህ አትላከው። 70 ዓመት ያለፋቸው እናትህ አንተ በጉልበትህ ያልቻልከውን ሸክም ሳይነገራቸው ሊሸከሙ ነው። ልጁም የተሸጠ ፈረስ ነው የሚመስለው። አሮጌዋን እናት ማታለል፣ ልጁን ማታለል፣ ከዚያ “ጌታ ይርዳው” ብሎ ጾም ማወጅ፣ ይህ እንዴት ይሆናል?

እኔ በደረጃው ላይ የሰማሁትን ቃል እናንተ እንዳትሰሙ ነው የምለምናችሁ። ያ ልጅ ስለ መላኩ አይደለም ያዘነው። ስላልተነገረው ነው።

ማንም ያልተቀመጠበት ውርንጫ

ልጨርስ ነው። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በምን ላይ ነበር? ማርቆስና ሉቃስ ማንም ገና ያልተቀመጠበት ውርንጫ እንደነበረ ይነግሩናል። ከእንስሳ ጋር ያደጋችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያልተገራ ውርንጫ፣ በዚያ ሕዝብ መካከል፣ ልብስ እግሩ ሥር እየተነጠፈ፣ ቅርንጫፍ በዓይኑ ፊት እየተወዛወዘ፣ ሕዝቡ እየጮኸ! መደንበር የነበረበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበረ። ግን አልጣለውም።

ማቴዎስ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምርልናል፤ እናቲቱም አብራ መጥታለች። ጌታ ውርንጫውን ብቻ ፍቱልኝ አላለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባው ላይ ሰው ሲወጣበት እናቱ አጠገቡ ናት። ይህ በአጋጣሚ የተጻፈ ነው ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። እኔ ግን የስደት ልጆችን ባሰብኩ ቁጥር ማለፍ አልቻልኩም።

ሌላም አለ። ዜኖፎን ስለ ውርንጫው “ገራም ይሁን” ሲል የተጠቀመበትን የግሪክኛ ቃል፣ ማቴዎስ በዚሁ ምዕራፍ ቁጥር 5 ላይ ይጠቀምበታል። ግን ለውርንጫው አይደለም። ለተቀመጠበት ንጉሥ ነው! በአማርኛችን “የዋህ” ተብሎ ተተርጉሟል። ዓለም ገራም እንስሳ ይፈልጋል፤ ወንጌል ገራም ጋላቢ አሳየን። በአፋችን “መግራት” እና “ገራም” የሚሉት ቃላት ጎረቤታሞች ናቸው። ሊገራ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ የተገራ ይሁን። ያ ውርንጫ ያልደነበረው ጀርባው ላይ ያለው እጅ ስላልደነበረ ይመስለኛል።

ዳማ ምን ሆነ ትሉኛላችሁ። ቤተሰቡ ስምንት ወር አቆዩት። አባትየው በየቅዳሜው ጠዋት ሄዶ መጀመሪያ አጠገቡ መቆም ብቻ ተማረ። ዳማ ጆሮውን ከኋላ ወደ ፊት ለመመለስ ከአንድ ወር በላይ ፈጀበት። ልጅቱ እጇ ድኖ በልጓም እየመራችው፣ ቆይቶም በዝግታ ጋለበችው። ወደ በሩ የመሮጥ ልማዱ ግን ጨርሶ አልለቀቀውም። ስለዚህ ልምድ ላላት አዋቂ ጋላቢ ሰጡት። በአንድ ወረቀት ላይ ሁሉንም ጻፉ፤ መንከሱን፣ መጣሉን፣ የጥርሱን ነገር፣ የሚወደውን፣ የሚፈራውን፣ መመታቱንም ጭምር። ወረቀቱን አንብበው ሁለት ገዢዎች ሄዱ፤ ሦስተኛዋ ወሰደችው። ከገዙበት ዋጋ ግማሹን አጡ። ወንድማችን፣ “ፓስተር፣ እንደዚያ ገንዘብ ያረፍኩበት ኪሳራ የለም” ብሎኛል።

ወንድ ልጃቸውም አልተላከም። ቅዳሜ ከጋጣው መልስ አባቱ በትራኩ ይዞት ይወጣል። ሁለቱ ብዙ ሰዓት ወደ ፊት እያዩ ይጓዛሉ፤ ፊት ለፊት ሲቀመጡ የማይወጣ ወሬ እንዲያ ሲሆን ይወጣል። ምን እንዳመመው አግኝተዋል። እሱን አልነግራችሁም፤ የልጁ ነው። ዛሬም አስቸጋሪ ነው፤ ተአምር አልሆነም። ዛሬም በር ይዘጋል። አይቆልፈውም ግን።

አበው “ሲወዱ ከነንፍጡ ነው” ይላሉ። እኛን የወደደን እንዲሁ ነው የወደደን። እስቲ አብረን እንጸልይ።

ጌታ ሆይ፣ በእጃችን ስለሰጠኸን ሁሉ እናመሰግንሃለን፤ ስለሚያስቸግሩንም ጭምር። ቁስል ላይ የገረፍንበትን ቀን ይቅር በለን። የምንይዝበትን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የምንለቅባትን ሰዓት አስተምረን። እውነቱን ለመናገር ድፍረት፣ አጠገብ ለመቆም ትዕግሥት ስጠን። በዚህ ከተማ በር ዘግተው ለተቀመጡ ልጆቻችን፣ ከበሩ ውጭ ቆመው ለሚጠብቁ ወላጆች ሰላምህን ላክ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።